ጉልበት ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀየር

በዚህ እትም የጤና ገጻችን ላይ ያነሳነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ኧረ ለመሆኑ ካኩማ ውስጥ ጉልበቱን በቀዶ ጥገና ያስቀየረ ሰው ስንት አለ? ትሉ ይሆናል። ብዙ አይደሉም፣ እውነት ነው። ሆኖም ካምፑ በተከፈተበት በ1992 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ፣ በሃያ እና በሃያ አምስት ዓመታችን ድንበር በእግራችን ያቋረጥን ሰዎች ዛሬ ሃምሳን አልፈን ወደ ስድሳው እየተጠጋን ነው። ጉልበት ደግሞ ከፊት ቀድሞ የሚያረጅ ነገር ነው። በጥይት የተመታ አለ፣ ከጭነት መኪና ላይ የወደቀ አለ፣ ሃያ ሊትር ጄሪካን ስትሸከም ዕድሜዋን የጨረሰች እናት አለች። በሪፈራል ወደ ናይሮቢ የሚላክ በሽተኛ የሚመረጠው በሕመሙ አስቸኳይነት፣ በመዳን ተስፋው እና በወጪው ስለሆነ ጉልበት መቀየር ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ያስቀየሩት አብዛኞቹ ውጭ ያለ ልጅ ወይም ወንድም ገንዘብ የላከላቸው ናቸው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያደረጉን ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ እዚሁ ከእኛ ጋር የሚኖሩ እናት ሲሆኑ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን እማማ እያልን እንጠራቸዋለን። ሁለተኛው ድሮ እዚሁ ጎረቤታችን የነበረ፣ አሁን አሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖር ወንድማችን ነው። ሁለቱም አንዱን ጉልበታቸውን ሁለት ጊዜ አስቀይረዋል። ሁለቱንም በየፊናቸው ስናነጋግር የነገሩን አንድ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና የመጀመሪያው ድጋሚ አይደለም፤ በመጀመሪያው ልክ የሚጠብቀው ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ቤተሰቡም ይህን ካላወቀ በፍቅር ብዛት በሽተኛውን ሊጎዳው ይችላል።

ብረቱ ምንድን ነው? ለምንስ ይበላሻል?

ጉልበት መቀየር ሲባል ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሌላ ይገባል ማለት አይደለም። ሐኪሙ የጭን አጥንትን የታችኛውን ጫፍና የቅልጥም አጥንትን የላይኛውን ጫፍ በጥቂቱ ይከረክምና ከላይ የብረት ቆብ፣ ከታች የብረት ሳህን ያለብሰዋል። በሁለቱ መሀል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ብረቱ ከአጥንቱ ጋር ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ለአጥንት ተብሎ በተሠራ ሲሚንቶ ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች ውስጥ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ። እንግዲህ ሁለተኛ መቀየር የሁሉም ዕጣ አይደለም ማለት ነው። በአንጻሩ በወጣትነቱ ያስቀየረ ሰው ገና ብዙ ስለሚራመድበት ለሁለተኛው የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ የሚያስከፍቱት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ብረቱ ከአጥንቱ ይላቀቃል፣ ፕላስቲኩ ያልቃል፣ ጅማቱ ላልቶ ጉልበቱ ይወላገዳል፣ ሰውየው ወድቆ በብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ይሰበራል፣ ወይም ደግሞ ከሁሉም አስቸጋሪው ጀርም ይገባል። የሚኒሶታው ወንድማችን የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ብረቱ ተላቀቀበት። በአንድ ቀዶ ጥገና አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ገባለት።

የእማማ ግን ጀርም ነው። የእሳቸውን ታሪክ ትንሽ ዘርዘር አድርገን መናገር አለብን፤ ምክንያቱም ከዚህ ካምፕ ኑሮ ጋር በጣም የተያያዘ ነው።

የወባ ትኩሳት ወይስ የጉልበት?

እማማ በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ደስተኛ ነበሩ። በሦስተኛው ወር ያለ ክራንች ገበያ ደርሰው ተመልሰዋል። ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ግን ጉልበታቸው መሞቅና ማበጥ ጀመረ። ትኩሳትም ተከተለ። እዚህ ካምፕ ትኩሳት ሲመጣ ሁላችንም የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ወባ ነው። ጎረቤት የወባ መድኃኒት አመጣ። ትኩሳቱ ሲመለስ ደግሞ ከገበያ ሱቅ የአሞክሳሲሊን ካፕሱል ተገዛ። እብጠቱ ትንሽ ጎደል አለ፣ ቤተሰቡም ተመስገን አለ። ካፕሱሉ ሲያልቅ ተመልሶ መጣ። እንደገና ተገዛ። እንዲህ እየተባለ ወራት አለፉ።

በመጨረሻ ናይሮቢ ደርሰው ሐኪሙ ከጉልበታቸው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ ሲያስመረምር ምንም ጀርም አልታየም። ለምን? አንቲባዮቲኩ ጀርሙን ሳይገድለው ስላዳከመው በምርመራው አልበቅል አለ። መድኃኒቱን አቁመው ሁለት ሳምንት ጠብቀው እንደገና ሲቀዳ ነው የተገኘው። አንባቢያን ይህቺን ነገር ልብ በሉልን። ብረት ያለበት ጉልበት ሲያብጥና ሲሞቅ ከሱቅ የሚገዛ አንቲባዮቲክ በሽታውን አያድነውም፤ ይደብቀዋል። ትኩሳት ሲኖር የወባ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በክሊኒኩ ጉልበቴ ውስጥ ብረት አለ ብሎ መናገር የበሽተኛው ወይም የአስታማሚው ፈንታ ነው። ነርሷ ከቀሚስ በታች ያለውን ጠባሳ አታይም።

እግረ መንገዳችንን ስለ ወጌሻም እናንሳ። ወጌሻዎቻችን ወለምታን በማሸት ስንቱን አቁመውልናል፤ ውለታቸውን የምንክድ አይደለንም። ብረት የገባበትን ጉልበት ማሸትና መጠምዘዝ ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። ጥሩ ወጌሻ ራሱ ይህን ያውቃል፤ የእማማን ጉልበት አይቶ እጁን የሰበሰበው እሱ ነው፣ ሆስፒታል ሂዱ ያላቸውም እሱ ነው።

ጀርም የገባበት ጉልበት ብዙ ጊዜ የሚታከመው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ብረቱ ይወጣና በቦታው አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ይቀመጣል። ከዚያ ለስድስት ሳምንት ያህል አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ጀርሙ መጥፋቱ ሲረጋገጥ ነው አዲሱ ብረት የሚገባው። እማማ በዚያ መሀል ኢስሊ ዘመድ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እግራቸው በድጋፍ ታስሮ ተቀመጡ። የመንቀሳቀሻ ፈቃዳቸው ጊዜው ሊያልፍ ሲል ሌላ ጭንቀት። ከሕመሙ ይልቅ ያ ጊዜ ነበር የከበደኝ ይላሉ፤ ጉልበት የሌለው ሰው ሆኜ ሰነበትኩ።

ለምን ይዘገያል?

በሁለተኛው ቀዶ ጥገና አሮጌው ብረት ሲወጣ ከአጥንቱ የተወሰነውን ይዞ ይወጣል። የጎደለውን ለመሙላት ተጨማሪ የብረት ሽብልቅ፣ ብዙ ጊዜም ወደ አጥንቱ ውስጥ ረዘም ብሎ የሚገባ ዘንግ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው የቀረ ጠባሳ ሥጋ ውስጡን አጣብቆታል። የጭኑ ጡንቻ ደግሞ ከሕመሙ ወራት ጀምሮ ሲመነምን ቆይቷል። ቀዶ ጥገናው ራሱ ይረዝማል። ታዲያ እንዲህ የተነካካ እግር በመጀመሪያው ፍጥነት እንዲድን መጠበቅ እንዴት ይሆናል?

በመጀመሪያው ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት ክራንቹን የጣለ ሰው በሁለተኛው በሦስተኛው ወርም ክራንች ይዞ ቢታይ ነገር ተበላሸ ማለት አይደለም። ማታ ማታ የሚመጣው እብጠት ለወራት ይቆያል። መሻሻሉ እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀጥላል። በመጨረሻም ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ጉልበት የመጀመሪያውን ያህል አይታጠፍም። ይህን ቀድሞ የነገራቸው ሰው ባለመኖሩ እማማ በስምንተኛው ሳምንት ምነው ባላስነካሁት ብለው አልቅሰዋል። ልጃቸውም አብራ አልቅሳለች። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ ይህ ጊዜው ነው ብሏቸው ቢሆን ኖሮ ግማሹ ሐዘን በቀረ ነበር።

ተዉ ይቀመጡ እኛ አለን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የእኛ ሰው በሽተኛ ሲያስታምም ያውቅበታል። ውኃ ይቀርባል፣ ምግብ በአፍ ይጎረሳል፣ ሲነሱ ተዉ ይቀመጡ እኛ አለን ይባላል። ለብዙ በሽታ ይህ መድኃኒት ነው። ለተቀየረ ጉልበት ግን መርዝ ይሆናል። ጉልበቱ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠባሳ ሥጋ እየተሠራ ነው። በዚያ ጊዜ ያልተዘረጋና ያልታጠፈ ጉልበት ጠባሳው እንደያዘው ይቀራል። ሐኪሙ ሥራውን በሰዓታት ጨርሶ ሄዷል፤ የቀረው ሥራ የበሽተኛውና የቤቱ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ትራስ ነው። ከጉልበት ሥር ጋቢ አጥፎ ማስገባት በጣም ደስ ይላል፣ ሕመሙንም ያስታግሳል፤ ሁሉም አስታማሚ የሚያደርገው ነው። ጉልበቱ እንደታጠፈ የሚደርቀው ግን በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ጉልበት ሲራመዱ ያነክሳል፣ ጭንን ያደክማል፣ ወገብን ያሳምማል። ትራሱ መግባት ያለበት ከተረከዝ ሥር ነው። ተረከዙ ከፍ ብሎ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ሲዘረጋ ትንሽ ይቆጠቁጣል፤ ለአምስት ለአሥር ደቂቃ በቀን ብዙ ጊዜ ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛው የጭኑን ጡንቻ መቀስቀስ ነው። እግር ተዘርግቶ የጉልበቱን ጀርባ ወደ ፍራሹ መጫን፣ እስከ አምስት ቆጥሮ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ መደጋገም። ቀላል ይመስላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ጡንቻው ትእዛዝ አይቀበልም። እማማ እግሬ የሰው እግር ይመስል እንቢ አለኝ ይላሉ። በአራተኛው ቀን ትንሽ ንቅንቅ አለ። ሦስተኛው ተረከዝን በፍራሹ ላይ እየጎተቱ ወደ መቀመጫ ማቅረብ ነው፤ ጉልበቱ የሚታጠፈው በዚህ ነው። ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማወዛወዝ ደግሞ ደም እንዳይረጋ ስለሚረዳ ተኝተውም ሆነ ተቀምጠው የሚሠራ ነው። አንድ ማሳሰቢያ አለን። በሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ አጥንት ወይም ጅማት ነክቶ ከሆነ ለተወሰኑ ሳምንታት እንዳይታጠፍ፣ ወይም ክብደት እንዳይጫንበት ሊያዝ ይችላል። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ከኛ ጽሑፍ ይበልጣል። ከሆስፒታል ሳትወጡ ስንት ዲግሪ ልጠፍ? ምን ያህል ልርገጥበት? ብላችሁ ጠይቁና አጽፉ።

ስንት ዲግሪ ማለት ምንድን ነው ለሚል፣ ሜዳ ላይ ለመራመድ ጉልበቱ ወደ 70 ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ ከወንበር በደንብ ለመነሳት ከ90 በላይ ያስፈልጋል፤ ቁጢጥ ለማለት ደግሞ ከ130 በላይ። እማማ ዛሬ በአሥረኛው ወር መቶ አካባቢ ናቸው። ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ገበያ ይሄዳሉ፤ በርጩማ ላይ ግን አይቀመጡም፣ ምናልባትም ከእንግዲህ አይቀመጡም። ቡናውን ትተውታል ማለት ግን አይደለም። ረከቦቱ የቢራ ሳጥን ላይ ወጥቷል፣ ከሰሉም በጡብ ከፍ ብሏል፣ እሳቸው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆነው ይቆላሉ። መጀመሪያ የሳቁ ጎረቤቶች ነበሩ፤ አሁን ወገባቸውን የሚያማቸው ሁለት ሴቶች እንደሳቸው አድርገዋል።

ሕመም ሲመጣ ማቆም ነው ወይስ መቀጠል? በፊዚዮቴራፒ የሚነገረው ቀላል መለኪያ ይህ ነው። ስትሠሩ አሟችሁ ሌሊቱን አልፎ ጠዋት ከበረደ ልክ ነው፤ በማግሥቱ እብጠቱ ከትናንቱ ከባሰ በዝቷልና ቀንሱ። እብጠቱን ለማብረድ ሌላው አገር በረዶ ይጠቀማል። እኛ ጋ በረዶ የለም፤ ነገር ግን በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጄሪካን ጥላ ሥር ሲያድር ውኃው ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቁስሉን በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍኖ በዚያ ውኃ የተነከረ ፎጣ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ጣል ማድረግ ይረዳል። ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ ግን ውኃ አይንካው፤ ጸበልም ቢሆን የሚጠጣ ይጠጣ እንጂ ቁስሉ ላይ አይፍሰስ።

እንግዶችን በተመለከተ ደግሞ፣ አትጥፉ፣ ግን አትቆዩ። እግዜር ይማርዎ ለማለት መጥቶ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ እንግዳ ባለበት ቤት በሽተኛዋ በይሉኝታ እግሯን ዘርግታ መሥራት አትችልም። እማማ ቤት ልጃቸው መላ አገኘች። የመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ዙር እንዲያስቆጥራቸው አደረገች። አንዱ አምስት ድረስ ይቆጥራል፣ ሌላው ደጃፍ ድረስ አብሮ ይራመዳል። ለኛ ይህ ከሙዝና ከብርቱካን የተሻለ የበሽተኛ ጥየቃ ይመስለናል።

መጸዳጃ፣ አልጋ፣ መንገድ

ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ቤቱ መዘጋጀት አለበት። ትልቁ ችግር መጸዳጃ ነው። የካምፑ መጸዳጃ ቁጢጥ የሚባልበት ነው፣ የተቀየረ ጉልበት ደግሞ ቁጢጥ አይልም። ብዙ ሴቶች በዚህ ምክንያት ምግብና ውኃ ይቀንሳሉ፤ በዚህ ሙቀት ውኃ መቀነስ ደግሞ ለኩላሊትም ለደም መርጋትም አደጋ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። ጠንካራ ወንበር መሀሉን ቀዶ ጉድጓዱ ላይ ማስቀመጥ፣ በጎኑ ደግሞ እጅ የሚያዝበት እንጨት መትከል። ካምፑ ውስጥ ያሉ አናጺዎች በግማሽ ቀን ይሠሩታል። ለሌሊት ፖፖ ከአልጋ አጠገብ ይቀመጥ። በጨለማ፣ በክራንች፣ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ የሚደረግ ጉዞ ሦስተኛ ቀዶ ጥገና ሊያመጣ ይችላል።

መሬት ላይ ከተነጠፈ ፍራሽ መነሳት አይቻልም፤ አልጋው በጡብ ከፍ ይበል። ሲቀመጡ ዳሌ ከጉልበት እኩል ወይም ከፍ ያለ መሆን አለበት። ነጠላ ጫማ በክራንች አይኬድበትም፤ ከኋላው የሚያዝ ጫማ ይሁን። የክራንቹ የታችኛው ጎማ በዚህ አሸዋና ጠጠር ቶሎ ያልቃል፤ ካለቀ ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትታል፣ ጎማ ጠጋኞች ከካላማደሪያ ቆርጠው ይሠሩላችኋል። አንድ ክራንች ወይም ከዘራ ብቻ ሲቀር የሚያዘው በጤነኛው እግር በኩል ነው፤ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው ይቅደም፣ ሲወረድ የታመመው። ላጋውን በዝናብ ወቅት በክራንች ለማቋረጥ አትሞክሩ። ቦዳቦዳም ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይቅር፤ እግር ለመስቀልም ለመውደቅም የማይመች ነገር ነው።

ውኃ መቅዳትና ማገዶ መልቀም የማን ሥራ እንደሚሆን፣ ራሽን ማን እንደሚቀበል ከቀዶ ጥገናው በፊት ተነጋገሩ። ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ ምግብ ምረጡ ማለት ይከብዳል፤ ቢሆንም ቁስልና ጡንቻ የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። ቤት ውስጥ ያለው ባቄላ፣ ምስር፣ ከተገኘም እንቁላልና የፍየል ወተት ለጥቂት ሳምንታት ወደ በሽተኛው ቢያደላ ልጆች አይቀየሙም።

በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ

ይህን ጥያቄ ያነሱልን ብዙ ናቸው። መንበርከክ ብረቱን ባይሰብረውም ለአብዛኛው ሰው ያማል፣ ከተንበረከኩ በኋላ መነሳቱ ደግሞ የባሰ ነው። ሕመምተኛ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ቢጸልይ በሁለቱም በኩል አባቶችና ሼሆች የሚፈቅዱት ነገር ነው፤ የሚያስቸግረው የራስ ኅሊና ነው። እማማ ስግደቱን ትተው ራስ ዝቅ ማድረጉን ይዘዋል። አንድ ቀልድ የምትመስል ግን እውነተኛ ነገር፦ መቋሚያ ክራንች አይደለም። ቁመቱ ለቅዳሴ እንጂ ለመራመጃ አልተለካም፣ ከሥሩም ጎማ የለውም። በቅዳሴ ተደግፋችሁት ቁሙ፣ ወደ ቤት ስትመለሱ ግን ክራንቻችሁን ያዙ።

ስለ ማስታገሻ በአጭሩ

ፓራሲታሞል በታዘዘው ልክ በሰዓቱ ሲወሰድ ይሻላል፤ ሕመሙ ጣሪያ እስኪነካ አትጠብቁ። በየሱቁ የሚሸጠው ዳይክሎፌናክ ግን ጨጓራን ያደማል፣ ውኃ ባጠረው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ያለ ሐኪም ፈቃድ ጭራሽ አትደርቡበት። ትራማዶል ራስ ያዞራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ከቆየ ሱስ ይሆናል። ስፖርቱን ከመጀመራችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ማስታገሻ መውሰድ ብልሃት ነው።

ሚኒሶታና ካኩማ

ወንድማችን አሜሪካ ያገኘውን ስንሰማ ቀንተናል፤ አንዋሽም። በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒስት፣ ዎከር፣ ከፍ ያለ መጸዳጃ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያዞር መሣሪያ። ግን እሱ ደግሞ ቀና የኛን። ስድስት ሳምንት ሙሉ በበረዶ ምክንያት ከቤት ሳይወጣ፣ ብቻውን፣ ከፊዚዮቴራፒስቱ ሌላ በሩን የሚያንኳኳ ሳይኖር ሰነበተ። ስፖርቱን መሥራት ያቆመው ሕመሙ በዝቶበት ሳይሆን ለማን ብዬ ብሎ ነው። እማማ ስልክ ቁጥሩን አገኙ። ከዚያ በኋላ እሳቸው እዚህ በማታ፣ እሱ እዚያ በጠዋት፣ ስልክ ከፍተው አብረው ይቆጥራሉ። ኔትወርክ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚቋረጡት። የእሱ ጉልበት ዛሬ 115 ደርሷል፤ እማማ ይህን ሲሰሙ እሱ ወጣት ነው ይላሉ፣ አምሳ ስምንት ዓመቱን ረስተው።

በሁለተኛው ጊዜ ከሕመሙ እኩል የሚከብደው የልብ መድከም ነው። አንድ ጊዜ ተሞክሮ ያልተሳካ ነገር ነዋ! እንቅልፍ የሚያጣ፣ ምግብ የሚዘጋ፣ ማንንም ማየት የማይፈልግ በሽተኛ ካላችሁ ጠባዩ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ለሐኪሙ ተናገሩ። ከመጀመሪያው ጊዜ ጋር እንዳይተያይ አድርጉት። ካለፈው ሳምንት ጋር ብቻ ይተያይ። የእማማ ልጅ በግድግዳው ላይ በከሰል መስመር ታሰምር ነበር፤ በዚህ ሳምንት ስንት እርምጃ፣ በዚያኛው ስንት። ያልጨመረባቸው ሳምንታትም ነበሩ፣ እነሱንም አስምራለች።

ሳይውል ሳያድር

እነዚህን ስታዩ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ቁስሉ መግል ወይም ፈሳሽ ማውጣት ከጀመረ፣ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ባቱ በአንድ በኩል አብጦ ከጠነከረና ካመመ፣ ወይም ከወደቃችሁ በኋላ መርገጥ ካቃታችሁ። ድንገት ደረት ወግቶ ትንፋሽ ካጠረ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን አትደሩ። ከናይሮቢ በአውቶቡስ የምትመለሱም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ እግር አጥፎ መቀመጥ ደም ያረጋልና ሐኪሙ መጓዝ ይችላሉ ሳይል አትሳፈሩ፤ በየመቆሚያውም ወርዳችሁ ተንቀሳቀሱ። ከወራትና ከዓመታት በኋላም ቢሆን ደህና የነበረ ጉልበት ድንገት ከሞቀና ካበጠ ያው ነው፤ የጥርስ ወይም የቆዳ ቁስል በደም በኩል ጀርም ሊያደርስበት ይችላል።

ወረቀቱን አትጣሉ

በመጨረሻ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር አለ። ከሆስፒታል ስትወጡ የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ፣ የራጅ ፊልሙን፣ የገባውን ብረት ዓይነትና መጠን የሚገልጸውን ተለጣፊ ወይም ካርድ ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ሁለተኛ ያስቀየረ ሰው ሦስተኛ ሐኪም ሊያየው ይችላል፤ ያ ሐኪም ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ ካላወቀ አንዱ ክፍል ብቻ መቀየር ሲበቃ ሁሉንም ለማውጣት ሊገደድ ይችላል። የሚኒሶታው ወንድማችን ሐኪም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የገባውን ብረት በቁጥሩ አውቆ ተገቢውን መሣሪያ ይዞ ነው የገባው። ለሪሴትልመንት የጤና ምርመራ የምትጠሩም ይህን ወረቀት ትጠየቁበታላችሁ። ዋናውን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ምስጥና ጎርፍ ስንቱን ፋይል እንደበላ የምታውቁት ነው። በስልክም ፎቶ አንሱትና ውጭ ላለ ዘመድ ላኩት። እማማ የእሳቸውን ከጋብቻ ፎቷቸው ጀርባ፣ ከጣሪያው ሥር አንጠልጥለውታል።